የሜዳ ንድፍና ዝግጅት በአማተር የጎልፍ ውድድር ላይ ያላቸው ተጽዕኖ

መግቢያ

በአብዛኞቹ ስፖርቶች የመወዳደሪያው ስፍራ መጠን በሕግ የተወሰነ ነው። የእግር ኳስ ግብ በየትኛውም አገር ወርዱ 7.32፣ ቁመቱ 2.44 ሜትር ነው፤ የአትሌቲክስ መም አንድ ዙር 400 ሜትር ነው። በጎልፍ ግን የጉድጓዱ አፍ 108 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ከመደንገጉ በቀር፣ ወደ ጉድጓዱ የሚወስደው መንገድ ርዝመት፣ ስፋት፣ ተዳፋትና መሰናክል ለነዳፊው የተተወ ነው። ጉዳዩ በነዳፊውም አያበቃም። ውድድሩ በሚካሄድበት ዕለት ማለዳ አወዳዳሪው ኮሚቴ የመነሻ ምልክቶችን ወደፊት ወይም ወደኋላ ያዛውራል፤ ባንዲራውን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይተክላል፤ ሣሩ እንዲያጥር ወይም እንዲረዝም ያዛል። ስለዚህ በጎልፍ ሜዳው ራሱ በየዕለቱ የሚወሰን የውድድሩ አካል ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይኸው ውሳኔ በአማተር ውድድር ውጤት ላይ ምን ያህል እንደሚያርፍ ነው። ለዚህም ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ንድፍ ሲባል ሜዳው ሲሠራ የተወሰነው፣ በቀላሉ የማይለወጠው ነው፤ የግሪኑ ቅርጽ፣ የውሃው ቦታ፣ የባንከሮቹ አሰዳደር። ዝግጅት ሲባል ደግሞ ለአንድ ውድድር ወይም ለአንድ ቀን ብቻ የሚደረገው ነው። በሙያተኞች ውድድር በተጫዋቾች መካከል ያለው የአቅም ልዩነት ጠባብ ስለሆነ የሜዳው ጭነት በሁሉም ላይ በተቀራራቢ መጠን ያርፋል። በአማተር ውድድር ግን ኳሱን 280 ያርድ የሚልከውና 180 ያርድ እንኳ የሚቸግረው ተጫዋች በአንድ ዝርዝር ላይ ሊሰፍሩ ይችላሉ። አንድ ዓይነት ችግር ለሁለቱም እኩል ችግር አይሆንም። የመመዝገቢያ ክፍያ ከፍሎ፣ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ የመጣ ተሳታፊ በአራተኛው ጉድጓድ ላይ ከፉክክሩ ከወጣ፣ የቀሩትን አሥራ አራት ጉድጓዶች የሚዞረው በተወዳዳሪነት ሳይሆን በእግረኛነት ነው።

(በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አንድ ያርድ 0.91 ሜትር ያህል ነው።)

አንድ ሜዳ፣ ሁለት ተጫዋች

የሜዳ ክብደት በአንድ ቁጥር ሊገለጽ እንደማይችል በግልጽ የሚያሳየው የዓለም አቀፉ የሃንዲካፕ ሥርዓት ነው። ሃንዲካፕ የተጫዋቹን አቅም በምት ብዛት የሚገልጽ ቁጥር ሲሆን፣ የተለያየ አቅም ያላቸው ሰዎች በአንድነት እንዲወዳደሩ ያስችላል። ቀድሞ በተለያዩ የዓለም ክፍሎች ይሠራባቸው የነበሩት ስድስት ሥርዓቶች ከ2020 ጀምሮ በአንድ ተተክተዋል። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ሜዳ ሁለት ምናባዊ ተጫዋቾችን ታሳቢ በማድረግ ይለካል። የመጀመሪያው ስክራች የሚባለው፣ ሃንዲካፑ ዜሮ የሆነ ተጫዋች ነው፤ ወንድ ከሆነ የመነሻ ምቱ በአማካይ 250 ያርድ ይሄዳል፤ 470 ያርድ የሚርቅ ግሪን በሁለት ምት ይደርሳል። ሁለተኛው ቦጊ ተጫዋች የሚባለው፣ ሃንዲካፑ 20 አካባቢ የሆነ ሰው ነው፤ የመነሻ ምቱ 200 ያርድ፣ በሁለት ምት የሚደርሰው ደግሞ 370 ያርድ ነው። ለሴቶች የተቀመጠው መለኪያ ለስክራቿ 210 እና 400፣ ለቦጊዋ ተጫዋች 150 እና 280 ያርድ ነው።

እነዚህ ጥቂት ቁጥሮች ብዙ ይናገራሉ። ርዝመቱ 440 ያርድ የሆነ፣ በአራት ምት እንዲጠናቀቅ የታሰበ ጉድጓድ እንውሰድ። ስክራቹ በሁለተኛ ምቱ ግሪኑ ላይ ሊያርፍ ይሞክራል፤ ቦጊው ግን የቱንም ያህል አሳምሮ ቢመታ 70 ያርድ ይቀረዋል። በ250 ያርድ ርቀት ላይ የተቆፈረ ባንከር የሚያስጨንቀው ረጅም መቺውን ብቻ ነው፤ ቦጊው አይደርስበትም። በአንጻሩ ከመነሻው ፊት ለፊት 190 ያርድ የሚሸፍን ውሃ ስክራቹ ልብ ሳይለው የሚያልፈው ነው፤ የምቱ አጠቃላይ ርቀት ኳሱ መሬት ላይ የሚንከባለልበትን ጨምሮ 200 ያርድ ለሆነ ሰው ግን ግድግዳ ነው። አንድን መሰናክል በየት ርቀት ማስቀመጥ እንግዲህ ማንን እንደሚፈትን መምረጥ ነው።

የሜዳው መዛኞች ለሁለቱም ተጫዋቾች የሚጠበቀውን ውጤት ለየብቻ ያሰላሉ። ለስክራቹ የሚወጣው ቁጥር ኮርስ ሬቲንግ ይባላል። ይህ ቁጥር ከቦጊው ውጤት ሲቀነስና ልዩነቱ ለወንዶች በ5.381፣ ለሴቶች በ4.24 ሲባዛ ስሎፕ የተባለው መለኪያ ይገኛል። ስሎፕ ከ55 እስከ 155 ሊደርስ ይችላል፤ መካከለኛ ተብሎ የተወሰደው 113 ነው። ስሎፕ ሜዳው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አይናገርም፤ ለደካማው ከብርቱው ይልቅ ምን ያህል እንደሚከብድ ነው የሚናገረው። ይህ ልዩነት በክለቦች ዘንድ እንኳ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ «ስሎፑ ከፍ ያለ ነውና ሜዳችን ለምርጦች ይመጥናል» የሚለው አነጋገር የመጣው ከዚሁ መዘንጋት ነው።

ለማነጻጸር ያህል ኮርስ ሬቲንጋቸውም ፓራቸውም 71 የሆነ ሁለት ሜዳዎች አሉ እንበል። በመጀመሪያው ከቦጊው የሚጠበቀው ውጤት 90፣ በሁለተኛው 98 ቢሆን፣ ስሎፓቸው በቅደም ተከተል 102 እና 145 ይሆናል። ለስክራቹ ሁለቱ ሜዳዎች አንድ ናቸው። የሃንዲካፕ ኢንዴክሱ 20 የሆነ ተጫዋች ግን በመጀመሪያው 18፣ በሁለተኛው 26 ምት ይታሰብለታል። ኢንዴክሱ 5 ለሆነ ሰው ልዩነቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ምት አይበልጥም። ሃንዲካፕ የማይታሰብበት ውድድር በሁለተኛው ሜዳ ላይ ቢዘጋጅ፣ እነዚያ ስምንት ምቶች ያለ ምንም ማካካሻ ከደካማው ተጫዋች ላይ የሚወሰዱ ናቸው።

ርዝመት

ኮሚቴዎች ሜዳን ለማክበድ ሲያስቡ በመጀመሪያ የሚመጣላቸው የመነሻ ምልክቶችን ወደኋላ ማራቅ ነው። ቀላልና ወጪ የሌለው መንገድ ስለሆነ ነው። ውጤቱም በቁጥር ሊታይ ይችላል። የሜዳ ምዘናው መነሻ ስሌት ለወንድ ስክራች ርዝመቱን ለ220 አካፍሎ 40.9 ይደምራል፤ ለወንድ ቦጊ ለ160 አካፍሎ 50.7 ይደምራል። ለሴቶች አካፋዮቹ 180 እና 120 ናቸው። በዚህ ስሌት 6,600 ያርድ የሆነ ሜዳ፣ መሰናክሎቹ ገና ሳይታሰቡ፣ ለስክራቹ 70.9፣ ለቦጊው 91.95 ይሰጣል፤ ስሎፑም ከመካከለኛው ቁጥር ከ113 ጋር ይገጥማል።

አሁን ኮሚቴው ምልክቶቹን በጠቅላላው 440 ያርድ ወደኋላ አራቀ እንበል። ወንዱ ስክራች ሁለት ምት፣ ወንዱ ቦጊ ሁለት ከሦስት አራተኛ ምት ይጨመርበታል። ከዚያው መነሻ የምትጫወት ስክራች ሴት ሁለት ተኩል ያህል፣ ቦጊ ሴት ደግሞ ከሦስት ተኩል በላይ ምት ትከፍላለች። «ለሁሉም እኩል ይሁን» ተብሎ ሁሉም ከአንድ መነሻ እንዲመቱ ሲወሰን እኩል የሚሆነው ምልክቱ የተተከለበት መሬት ብቻ ነው።

የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ማርክ ብሮዲ በምት-በምት መረጃ ላይ በሠራው ትንታኔ፣ በተጫዋቾች መካከል ከሚታየው የውጤት ልዩነት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚመነጨው ከግሪኑ ከ100 ያርድ በላይ ርቀው ከሚመቱ ምቶች እንደሆነ አሳይቷል። ይህም ለሙያተኛውም ለአማተሩም የሚሠራ ነው። ርዝመትን መጨመር እንግዲህ አስቀድሞ ሰፊ በሆነው ልዩነት ላይ መጨመር ነው። በአጭር ምት፣ በፑትና በማሰብ ችሎታ የሚበልጥ ተጫዋች ይህን ብልጫውን የሚያሳይበት ዕድል የሚያገኘው ርዝመቱ በልክ ሲሆን ነው። በ2011 የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበርና የአሜሪካ የሙያተኛ ጎልፈኞች ማኅበር አማተሮች ከአቅማቸው ጋር ከሚመጣጠን ወደፊት ከቀረበ መነሻ እንዲጫወቱ የሚያበረታታ ዘመቻ በጋራ ከፍተው ነበር። በብዙ ክለቦች ሐሳቡን የገታው የቴክኒክ ጉዳይ አይደለም፤ ከፊተኛው መነሻ መምታት እንደ ውርደት መቆጠሩ ነው።

የሚቀጣ ንድፍና የሚያሳስብ ንድፍ

የሜዳ ነዳፊዎች ከመቶ ዓመት በላይ የተከራከሩበት አንድ ጥያቄ አለ፤ መሰናክል ሊቀጣ ነው ወይስ ምርጫ ሊያቀርብ? በመጀመሪያው አስተሳሰብ መሰናክሉ መንገዱን ሙሉ በሙሉ ያቋርጣል፤ የማይሻገር ይጠፋል። በሁለተኛው መሰናክሉ በአግድም ወይም በአንድ ወገን ይሆናል፤ ደፍሮ በቅርቡ ያለፈ አጭር መንገድ ያገኛል፤ የፈራ ዙሪያውን ሄዶ አንድ ምት ይከፍላል፤ ማንም ግን ከጨዋታው አይወጣም።

የሁለተኛው አስተሳሰብ ትልቅ ማሳያ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተው ኦገስታ ናሽናል ነው። ሜዳውን ከስኮትላንዳዊ ቤተሰብ የተወለደው ነዳፊ አሊስተር ማኬንዚ እና ቦቢ ጆንስ በጋራ አስበውታል። ጆንስ ዕድሜ ልኩን አማተር ሆኖ የተጫወተ፣ በ1930 የአሜሪካንና የብሪታንያን የኦፕንና የአማተር ሻምፒዮናዎች አራቱንም በአንድ ዓመት ያሸነፈ ሰው ነበር። በመጀመሪያው መልኩ ሜዳው ሰፋፊ ፌርዌዮች፣ ጥቂት ባንከሮችና እጅግ ጥቂት ራፍ ነበረው። አማካዩ ተጫዋች ኳሱን ሳያጣ ይዞራል፤ ዝቅተኛ ውጤት የሚፈልግ ግን ኳሱን ለቀጣዩ ምት በሚያመች ወገን ማሳረፍ ይኖርበታል። ችግሩ በመንገዱ ላይ ሳይሆን በማዕዘኑ ላይ ነው።

ከዚህ የበለጠ ለአማተር ውድድር ጥናት የሚመቸው በሰሜን ካሮላይና የሚገኘው የፓይንኸርስት ቁጥር 2 ሜዳ ነው። የዶናልድ ሮስ ሥራ ነው፤ በ1907 ተከፍቶ እስከ ሞቱ ድረስ ሲያሻሽለው ኖሯል። ዋና መለያው እንደ ተገለበጠ ሳህን መሐላቸው ከፍ ብሎ ዳራቸው የሚያንሸራትት ግሪኖቹ ናቸው። ኳሱን በግምት የላከ ከግሪኑ ጠርዝ ሲንከባለል ያየዋል። ያም ሆኖ ከግሪኑ የወረደው ኳስ የሚያርፈው ብዙውን ጊዜ አጭር ሣር ላይ ስለሆነ፣ ተጫዋቹ በፑተር ሊገፋው፣ አንከባሎ ሊመታው ወይም አንሥቶ ሊጥለው ይችላል። ቦጊው በፑተሩ ገፍቶ አንድ ምት ብቻ ይከስራል፤ ስክራቹ ለማዳን ሲል የረቀቀውን ምት ሞክሮ ሁለት ሊከስር ይችላል። መሰናክሉ ብርቱውን ከደካማው ይልቅ ይፈትናል ማለት ነው።

በጊዜ ብዛት ሜዳው በወፍራም ራፍ ተከቦ ፌርዌዮቹ ጠብበው ነበር። በ2010 እና በ2011 ቢል ኮር እና ቤን ክሬንሾ ራፉን አስወግደው ፌርዌዮቹን አሰፉ፤ በዳር ባለው ቦታም አሸዋና የአካባቢው የዱር ሣር እንዲመለስ አደረጉ። ለውጡ ፍሬውን ያሳየው በ2014 ነው። የወንዶችና የሴቶች ዩ.ኤስ. ኦፕን በተከታታይ ሳምንታት በዚሁ ሜዳ ላይ ተካሄዱ። ማርቲን ካይመር ከፓር ዘጠኝ ምት ዝቅ ብሎ፣ ሚሼል ዊ ሁለት ምት ዝቅ ብላ አሸነፉ። የሴቶቹ መነሻ በብዙ መቶ ያርድ ያጠረ ነበር፤ ግሪኖቹ ግን ያው ነበሩ። ሁለቱም ሙያተኞች ስለነበሩ ትምህርቱ በቀጥታ ወደ አማተር አይዘዋወርም። የሚዘዋወረው ዘዴው ነው፤ ልዩ ልዩ አቅም ያላቸውን ተወዳዳሪዎች በአንድ ሜዳ ለማስተናገድ የሚለወጠው መነሻው ሲሆን፣ ፈተናው ግን በግሪኑ ዙሪያ ለሁሉም ሊቆይ ይችላል።

የውድድሩ ዓይነትና የሜዳው ክብደት

አንድ ጉድጓድ ከባድ ነው ወይስ ቀላል የሚለው ጥያቄ ውጤቱ እንዴት እንደሚቆጠር ካልታወቀ መልስ የለውም። በምት ድምር ውድድር በአንድ ጉድጓድ ላይ አሥር ምት የፈጀ ተጫዋች ያንን አሥር እስከ መጨረሻ ይሸከመዋል። አንድ ለአንድ በሚደረገው ግጥሚያ ግን ያው አሥር አንድ ጉድጓድ ብቻ ያሳጣል፤ ቀጣዩ እንደ አዲስ ይጀመራል። ስለዚህ ውሃ ተሻግሮ በአንድ ምት ሊደረስበት የሚችል አጭር ጉድጓድ በግጥሚያ ውድድር ድንቅ ቲያትር ሲሆን፣ በምት ድምር ግን ብዙዎች የሚሸሹት ወይም የሚሰበሩበት ይሆናል።

የአሜሪካ አማተር ሻምፒዮና ሁለቱንም አዋህዷል። 312 ተጫዋቾች በሁለት ሜዳዎች ላይ 36 ጉድጓድ በምት ድምር ይጫወታሉ፤ 64ቱ ወደ ግጥሚያ ያልፋሉ፤ ፍጻሜው እንደገና 36 ጉድጓድ ነው። ከ1965 እስከ 1972 ሻምፒዮናው በምት ድምር ብቻ ይካሄድ ነበር፤ በ1973 ወደ ግጥሚያ ተመልሷል። ለኮሚቴው ይህ የተደበላለቀ ሥርዓት የተለየ ፈተና ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሜዳው መለየት አለበት፤ በቀሩት ቀናት ደግሞ ድፍረትን መጋበዝ አለበት።

በ2019 በፓይንኸርስት የተካሄደው ሻምፒዮና ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍጻሜው በሁለት ሜዳዎች ተከፈለ፤ የመጀመሪያው 18 ጉድጓድ ጊል ሃንስ እንደገና በነደፈው በቁጥር 4፣ ሁለተኛው በቁጥር 2 ላይ ተደረገ። በጠዋቱ ዙር ሲመራ የነበረው ጆን ኦገንስታይን ነበር፤ ከሰዓት በኋላ በሮስ ግሪኖች ላይ አንዲ ኦግልትሪ አንሰራርቶ አሸነፈ። ከአንድ ግጥሚያ ተነሥቶ «ሜዳው ውጤቱን ቀየረው» ማለት አይቻልም። ሆኖም ውሳኔው የአዘጋጆቹን አስተሳሰብ ያሳያል፤ ሻምፒዮን የሚሆነው በአንድ ዓይነት ንድፍ ላይ ብቻ የሚበልጥ ሰው እንዳይሆን ፈልገዋል።

በተለመደው የክለብ ውድድር ደረጃ ደግሞ የሜዳ ክብደት ራሱ አዲስ የአቆጣጠር ዘዴ ያስወለደበት ታሪክ አለ። በእንግሊዝ አገር በዋላሲ ክለብ ዶክተር ፍራንክ ስቴብልፎርድ የተባለ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ፣ የባሕሩ ነፋስና ረጃጅሞቹ ጉድጓዶች አማካይ ተጫዋቾችን ገና በጅምሩ ተስፋ ሲያስቆርጡ ይመለከታል። መፍትሔው ሜዳውን ማቅለል አልነበረም፤ ቆጠራውን መለወጥ ነበር። ሜይ 16 ቀን 1932 በዋላሲ የመጀመሪያው የስቴብልፎርድ ውድድር ተካሄደ። ዛሬ በሚሠራበት መልኩ ተጫዋቹ የሃንዲካፕ ምቱ ታስቦለት ፓር ሲያገኝ ሁለት ነጥብ፣ በአንድ ምት ሲያልፍ አንድ ነጥብ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ዜሮ ወስዶ ኳሱን አንሥቶ ይሄዳል። አንድ የተበላሸ ጉድጓድ ቀኑን አያበላሽም። በ2019 የተሻሻለው የጎልፍ ሕግም ኮሚቴዎች ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ከፍተኛ የምት ጣሪያ እንዲወስኑ የሚፈቅድ የውድድር ዓይነት ጨምሯል። ከባድ ሜዳ ያላቸውና ብዙ አዳዲስ ተጫዋቾችን የሚጋብዙ ክለቦች ሜዳውን ከማረስ በፊት ይህን ቢያስቡ ይጠቀማሉ።

የማለዳው ውሳኔ

ከዝግጅት ሥራዎች ሁሉ ይበልጥ ዓይን የሚስበው የግሪን ፍጥነት ነው። መለኪያው ስቲምፕሜትር ይባላል። አማተር ተጫዋች የነበረው ኤድዋርድ ስቲምፕሰን በ1935 በኦክሞንት የተካሄደውን ዩ.ኤስ. ኦፕን ከተመለከተ በኋላ የፈጠረው ሲሆን፣ የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር በ1970ዎቹ አሻሽሎ ለክለቦች አሠራጭቶታል። 91 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ መሐሉ ቦይ የሆነ ዘንግ ነው፤ 20 ዲግሪ ያህል ሲነሣ ኳሱ ከመያዣው ተለቅቆ ይንከባለላል፤ የተንከባለለበት ርቀት በጫማ ይለካል። ማኅበሩ መሣሪያውን ያሠራጨው የአንድ ሜዳ ግሪኖች እርስ በርሳቸው እንዲመጣጠኑ ለመርዳት ነበር። ክለቦች ግን ብዙም ሳይቆዩ ለፉክክር አዋሉት፤ ቁጥሩ ከፍ ያለ ሁሉ የተሻለ ሜዳ ያለው መሰለ።

ፍጥነት ከተዳፋት ተለይቶ መታየት የለበትም። በዝግታ ዘመን የተነደፈ፣ ጠንካራ ተዳፋት ያለው ግሪን በዘመናዊ ፍጥነት ሲሰናዳ ባንዲራ ሊተከልባቸው የሚችሉ ቦታዎች እጅግ ያንሳሉ። የጎልፍ ሕግ የኮሚቴ መመሪያ ጉድጓዱ ከግሪኑ ጠርዝ ቢያንስ አራት እርምጃ እንዲርቅ፣ በዙሪያውም ከሁለት እስከ ሦስት ጫማ ያለው መሬት በተቻለ መጠን ተመሳሳይ እንዲሆን ይመክራል። ግሪኑ ከልክ በላይ ሲፈጥን ይህን የሚያሟላ ቦታ ይጠፋና ኳስ ከጉድጓዱ አፍ አልፎ ወደ መቺው እግር የሚመለስበት ሁኔታ ይፈጠራል። ይህ ደግሞ ችሎታን አይለካም። አንድ ዝግጅት ፍትሐዊ መሆኑ የሚመዘነው ጥሩ ምትና መጥፎ ምት የተለያየ ውጤት በማግኘታቸው ነው፤ ሁለቱም ከግሪኑ ተንከባልለው አንድ ቦታ ካረፉ ሜዳው ከብዷል እንጂ አልፈተነም።

ሁለተኛው ጉዳይ ሰዓት ነው። በ2018 በሺነኮክ ሂልስ በተካሄደው ዩ.ኤስ. ኦፕን ሦስተኛ ቀን ግሪኖቹ ከሰዓት በኋላ በነፋስና በፀሐይ ደረቁ። በጠዋት የተጫወቱት ዳንኤል በርገርና ቶኒ ፊናው እያንዳንዳቸው 66 መትተው ከ45ኛ ደረጃ ወደ መሪነት ወጡ፤ ሲመራ የነበረው ደስቲን ጆንሰን በዚያው ሜዳ ላይ ከሰዓት በኋላ 77 መታ። አዘጋጆቹም ዝግጅቱ ከልክ ማለፉን በይፋ አምነዋል። ብዙ ባለሙያና መሣሪያ በተሰማራበት ውድድር ይህ ከሆነ፣ ጥቂት ሠራተኞች ባሉት ክለብ ጠርዝ ላይ የሚሄድ ዝግጅት መሞከር ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። በሁለት ቀን ውድድር የጠዋትና የከሰዓት ተጫዋቾች እንዲቀያየሩ ማድረግ ጉዳቱን ይቀንሳል፤ በአንድ ቀን ውድድር ግን ይህም አይቻልም። አንዳንድ ክለቦች ሁሉም ቡድኖች በአንድ ሰዓት ከተለያዩ ጉድጓዶች እንዲጀምሩ በማድረግ ይፈቱታል። ዋጋው የመዝጊያው ጉድጓድ ትርጉም ማጣቱ ነው፤ ነዳፊው ለመጨረሻው ፍልሚያ ያዘጋጀው 18ኛ ጉድጓድ ለአንዱ ቡድን ሦስተኛ፣ ለሌላው አሥረኛ ይሆናል።

የባንዲራ ቦታን በሚመለከት ብዙ ኮሚቴዎች ስድስት አስቸጋሪ፣ ስድስት መካከለኛ፣ ስድስት ቀላል ቦታዎችን በማደባለቅ፣ ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ ያመጣጥናሉ። በተጨማሪ ሊታሰብበት የሚገባው የጉድጓዱና የቦታው ጥምረት ነው። ከባንከር ጀርባ ተደብቆ የተተከለ ባንዲራ አጭር በሆነ ጉድጓድ ላይ ሁሉም በአጭር ብረት የሚመልሱት ጥያቄ ነው። በ440 ያርዱ ጉድጓድ ላይ ያው ቦታ ለስክራቹ የረጅም ብረት ፈተና ሲሆን፣ ቦጊው ግን በሦስተኛ ምቱ ከ70 ያርድ በማንሣት ይደርስበታል። ማመጣጠን በካርዱ ላይ ብቻ ከተሠራ ይህ አይታይም።

ዘግይቶ የሚመጣ ካሳ

ሃንዲካፕ ይህን ሁሉ አያካክስም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። የሚያካክሰው በከፊል ነው። ኮርስ ሬቲንግና ስሎፕ የሚለኩት ሜዳው በተለመደው ሁኔታው ሲገኝ ነው። ኮሚቴው ለውድድሩ ቀን ራፉን ካስረዘመ፣ ግሪኑን ካፈጠነና ባንዲራዎቹን ጥግ ከተከለ፣ ተጫዋቹ የሚታሰብለት ምት በዚያ ቀን ለሌለ ሜዳ የተሰላ ነው። የዓለም አቀፉ ሥርዓት ለዚህ የዕለቱን የጨዋታ ሁኔታ የሚያሰላ ማስተካከያ አለው፤ ቢያንስ ስምንት ውጤቶች ሲኖሩ ከአንድ ምት መቀነስ እስከ ሦስት ምት መጨመር ሊደርስ ይችላል። ይሁን እንጂ የሚነካው የተጫዋቾቹን የሃንዲካፕ መዝገብ እንጂ የውድድሩን ደረጃ አይደለም። ዋንጫው ተሰጥቶ ካለቀ በኋላ የሚደርስ ካሳ ነው።

ሌላም ገደብ አለ። ስሌቱ የሚሠራው በአማካይ ነው። ሃያ ስድስት ምት የተሰጠው ተጫዋች በቁጥር ደረጃ እኩል ሆኗል፤ በሦስት ጉድጓዶች ላይ ግን ሊሻገረው በማይችለው ውሃ ፊት ኳስ በኳስ ላይ ሲያጣ ከኋላው የቆሙት ቡድኖች ይከማቻሉ፤ ዙሩ ይረዝማል፤ በ14ኛው ጉድጓድ ላይ የሚጠብቁት ተጫዋቾች ምት ይበላሻል። ይህ ዓይነቱ ጉዳት በየትኛውም ቀመር ውስጥ አይገባም። ዙሪያውን የሚያልፍበት መንገድ ወይም ወደፊት የቀረበ መነሻ ቢሰጠው ግን ጉዳቱ ከመነሻው አይፈጠርም።

ለኢትዮጵያ አንባቢ በተለይ የሚጠቅመው የከፍታ ጉዳይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ኳስ የሚገጥመው ግፊት ስለሚቀንስ ርቆ ይበራል። የሜዳ ምዘና ሥርዓቱ ከ2,000 ጫማ፣ ማለትም ከ610 ሜትር ገደማ ጀምሮ ለዚህ ማስተካከያ ያደርጋል። የ2023ቱ የአሜሪካ አማተር ሻምፒዮና የተካሄደበት የኮሎራዶው ቼሪ ሂልስ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በባሕር ጠለል አቅራቢያ የተለካ ርዝመት በቀጥታ ወደ ደጋ ሲገለበጥ፣ በካርዱ ላይ 6,600 ያርድ የተባለው በኳሷ በረራ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ባንከሮቹም ለታሰቡለት ተጫዋች ሳይሆን ከእርሱ ለሚያንሰው ወጥመድ ይሆናሉ። ጭማሪው በርቀት ልክ ስለሚያድግ በያርድ ይበልጥ የሚያተርፈው ረጅም መቺው ነው። በደጋ ላይ ውድድር የሚያዘጋጅ ኮሚቴ እንግዲህ መነሻዎቹን ከመትከሉ በፊት የካርዱን ቁጥር ትቶ፣ የተለያየ አቅም ያላቸው ጥቂት ተጫዋቾች በዚያው ሜዳ ላይ የመነሻ ምታቸው የት እንደሚያርፍ በእርምጃ ቢለካ፣ የባንከሮቹና የውሃው ጥያቄ ለማን እንደሚቀርብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ያውቃል።